የለቅሶ ንፍሮ በዝግተኛው ድስት

ስለ ሲስተር ድንቅቱ ረጋሳ ለመጻፍ ብዕር ሳነሣ እጄ ይከብደኛል። በደንብ አላውቃትምና። አምቦ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ እኔ ማዘጋጃ ቤት፣ እሷ ጤና ጣቢያ ስንሠራ ብዙ ዓመት ሆኖናል። ሆኖም እስካለፈው ክረምት ድረስ በመካከላችን የነበረው የመንገድ ላይ ሰላምታ ብቻ ነው። "አከም ጂርቱ፣ አቶ ደግፌ?" ትለኛለች፤ እኔም እንደ ልማዴ በኦሮምኛ ጀምሬ በአማርኛ እጨርሳለሁ። ዘለግ ያለች፣ አረማመዷ ፈጠን ያለ፣ ስትናገር ድምጿን የማታነሣ ሴት ናት። ከዚህ በላይ ብጨምር የራሴ ግምት ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው እሷ ራሷ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ የነገረችኝ ነው። እኔ በየመሐሉ እየጠየቅሁ ማጣራት የማልችል ሰው ስለሆንኩ አንዳንዱ ነገር ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በጤና ጣቢያው እናቶቹ ያወጡላት ስም "ሲስተር ቦሎቄ" ነው። ሕፃን ለማስመዘን የመጣችን እናት ስለ ጡትና ስለ ክትባት ከጠየቀች በኋላ፣ ሳትጠይቅ የማታልፈው አንድ ነገር አለ፤ ቦሎቄ ትቀቅያለሽ ወይ፣ ከቀቀልሽስ መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ታፈይዋለሽ ወይ ትላታለች። ጊንጪ ስትሠራም፣ እንጭኒ ስትሠራም ትጠይቅ ነበር ይባላል። ሴቶቹ ይስቃሉ። በእንጨት እሳት ተጥዶ የማይፈላ ንፍሮ የት አለ? ባለቤቴ ሸዋገነት ትንሹን ልጃችንን ይዛ በሄደችበት ቀን፣ ሲንቄ የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ ከፊቷ ተራ ይዛ ነበር አሉ። ሲስተር እንደ ልማዷ ስትጠይቃት፣

"ኧረ ሲስተር፣ ቦሎቄውስ ይፈላል፤ ባሌ ነው እንጂ ስንት ዘመን ስጥደው ጥሬውን የቀረው" ብላ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ሁሉ በሳቅ ገደለቻቸው።

ሲስተር ግን አልሳቀችም አለችኝ ሸዋገነት። "ቢሆንም አፍይው" ብላ ወደሚቀጥለው ሕፃን አለፈች።

ባሏ ኦቦ ሞሲሳ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። በሰኔ መጨረሻ ከብስክሌት ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ስለነበር፣ እኔና ሸዋገነት ልንጠይቀው ቤታቸው ሄድን። በሽተኛ ስጠይቅ የምናገረው ነገር ቶሎ ያልቅብኛል። "እግዚአብሔር ይማርህ" ካልኩ በኋላ ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ ቡፌው ላይ ወዳለው ዕቃ አየሁ። ዳንቴል የለበሰ፣ ድስት የሚመስል፣ ከጎኑ ገመድ ያለው ነገር ነው። ዝምታውን ለመሙላት ብዬ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

ኦቦ ሞሲሳ ከተጋደመበት ሳቀ። "እሷማ የሩዝ ማብሰያ ናት። ከእንግሊዝ አገር መጣች፣ ዳንቴል ለበሰች፣ ተቀመጠች። እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ሩዝ በዓይኗ አላየችም። ከእኔ በፊት ጡረታ የወጣች እሷ ናት።"

ከዚያ ሲስተር እንግሊዝ አገር ኮርስ ላይ ሳለች ስለ ሌላ ድስት እያደነቀች ትጽፍለት እንደነበር አወራልን። ጠዋት ጥደሽው ማታ ወጥ ሆኖ የሚጠብቅ ድስት ነበር አሉ። እሱም ያንን ሲጠብቅ ይቺን ይዛ መጣች። "ለምን ብላት እስከ ዛሬ መልስ የለም" አለ። ሲስተር ቆሎውን ወደ እኛ አስጠግታ "ያዙ እንጂ" አለችና ሸዋገነትን ስለ ልጃችን ጥርስ ጠየቀቻት። እኔም ያልሆነ ነገር የነካካሁ መሰለኝና ቆሎዬን መቆርጠም ያዝሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ለኦቦ ሞሲሳ ምርኩዝ የሚሠራ አናጺ አግኝቼለት ነበርና ምርኩዙን ይዤ ነው። በሽተኛው ተኝቷል። ምርኩዙን አስረክቤ ልወጣ ስል ዝናቡ ወረደ። የአምቦ የሐምሌ ዝናብ ሰውን ከገባበት ቤት አያስወጣም። ሲስተር ወንበር ሰጠችኝ፤ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"አቶ ደግፌ" አለችኝ በቆርቆሮ ጣራው ጩኸት መሐል፣ "እርስዎ ለሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ አይደል? ለመናገር የሚከብድ ነገር ሲሆን መጀመሪያው ላይ ምን ይባላል?"

እውነቱን ለመናገር ደነገጥሁ። እኔ የማውቀው የማዘጋጃ ቤቱን ወግ ብቻ ነው። "በማመልከቻ ከሆነ፣ ከአድራሻው ቀጥሎ 'ጉዳዩ' ተብሎ ነው የሚጀመረው" አልኳት።

"ጉዳዩን መጻፍ ብችልማ ምን ቀረኝ" አለች። ከዚያ ነገረችኝ።

የተወለደችው ወንጪ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። ነርስነት ተምራ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ስትሠራ ቆይታ፣ በ1974 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያኗ በኩል የአንድ ዓመት ትምህርት ዕድል አገኘች። ትምህርቱ የእናቶችና የሕፃናት አመጋገብ፣ ቦታውም በእንግሊዝ አገር ሊድስ የሚባል ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ከአገር ለመውጣት ዋስ መጥራት ነበረና የሞሲሳ ወንድም ፈረመላት። ልጆቿን ለባሏና ለእህቱ ትታ ሄደች። የራሷን ልጆች ጥላ የሌላ ሰው ልጆች ምን እንደሚበሉ ልትማር ሄደች ይለኛል ሰው እያለች መንገዱን ሁሉ ስታስብ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ማንም እንደዚያ ሲል አልሰማሁም።

ያረፈችው ለውጭ አገር ተማሪዎች በተዘጋጀ ቤት ነው፤ ለአንድ ክፍል ሁለት ሰው። የክፍል ጓደኛዋ ኩሱማ ትባላለች። የስሪላንካ ልጅ ናት፣ አዋላጅ ነርስ፣ በዕድሜ ከድንቅቱ በጣም የምታንስ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ "አካ" እያለች ጠራቻት። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እኅት ማለት ነው።

"በእኛ ኦሮምኛ አኮ አያት ናት" አለችኝ ሲስተር። "አረጀሽ ያለችኝ መስሎኝ ማታውን ሁሉ ተኮሳትሬባት ነበር።" ይህን ስትል ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ፈገግ ስትል አላየኋትም።

የቤቱ ወጥ ቤት የጋራ ነው። ምድጃው ጋዝ የሚሰጠው ሳንቲም ሲጎርስ ነው፤ ወጡ ሳይበስል ሳንቲሙ ያልቅና እሳቱ ይጠፋል፣ ከኋላ ደግሞ ተሰላፊ ቆሞ ያያል። ስለዚህ የቤቱ ኃላፊ ለየክፍሉ አንድ የኤሌክትሪክ ድስት ፈቀደች። የቤቱ ሽቦ አሮጌ ነውና ከአንድ በላይ አይቻልም። ሁለቱ ከኪስ ገንዘባቸው አዋጥተው ሊገዙ ገበያ ወጡ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ድስቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው የሩዝ ማብሰያ ነው፤ ሩዝና ውሃ ጨምረው ቁልፉን ሲጫኑት ሲበስል በራሱ ይጠፋል። ሁለተኛው ውስጡ ቡናማ የሸክላ ማሰሮ የሆነ፣ በለስላሳ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የሚያበስል ነው። ሻጩ ስሎው ኩከር አለው፤ ድንቅቱ "ዝግተኛው ድስት" የሚል ስም አወጣችለት።

ኩሱማ እጇን የሩዝ ማብሰያው ክዳን ላይ አሳረፈች። "የሕፃን ራስ እንደሚዳበስ ነበር የያዘችው" አለችኝ ሲስተር። "እኔም አየሁ። አላየሁም ልልዎት አልችልም።"

ድንቅቱ ግን ዓይኗ ሸክላው ላይ ነው። የሞሲሳ እህት በቆርቆሮ ጠቅጥቃ የሰጠቻት በርበሬ ሻንጣዋ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል። ከመጣች ጀምሮ የበላችው ዳቦና ቅቅል ድንች ነው። ደግሞ ሩዝ በእሷ አገር የሚቀቀለው ሆዱ ለታመመ ሰው ነው፤ ጤነኛ ሰው በየቀኑ ሩዝ የሚያምረው ለምን እንደሆነ አልገባትም። ስለዚህ በሱቁ ሰውዬ ፊት፣

"ይኸኛው ሩዝም ያበስላል" አለች።

"እውነት፣ አካ?"

"አዎ።"

"ያበስል አያበስል አላውቅም ነበር" አለችኝ። "ሳላውቅ ነው አዎ ያልኩት።" ኩሱማ እጇን ከክዳኑ ላይ አነሣች። ታላቅ የተናገረችውን ታናሽ አትመልስም፤ በዚህ በኩል የእነሱም አገር እንደ እኛው ነው።

ዝግተኛው ድስት ሩዙን ሙጫ አደረገው። ኩሱማ በማንኪያ እያነሣች በላችና አመሰገነች። ሌላ ቀን ደግማ ሞከረች፤ ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ ተወችው። የድንቅቱ ወጥ ግን ሠመረ። ጠዋት የቅልጥም ሥጋ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ጨምራ ትሄዳለች፤ ከትምህርት ስትመለስ ሽታው ደረጃው ላይ ይቀበላታል። ኩሱማም ትበላለች፤ በርበሬ ላይ እንኳ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የአገሯ ልጆች ወዳሉበት ቤት ትሄዳለች። ሩዝ በልታ ስትመለስ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ይመስላል። ድንቅቱ ይህን ሁሉ ታያለች፤ ሆኖም ድስቱን እንለውጠው አትልም። በግማሽ የእሷ የሆነውን ዕቃ ሙሉ በሙሉ የራሷ አድርጋው ነበር።

የዚያ አገር ብርድ ሊወጣ ሲል ለኩሱማ ቴሌግራም መጣ። አባቷ ሞቷል። አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ለአዋላጅነት ትምህርት ስትሄድ ዘመድ ሁሉ ሲቃወም ብቻውን የቆመላት እሱ ነው። ቤተ ሰቡ እሷ እስክትደርስ አስከሬኑን ለጥቂት ቀን ብቻ እናቆያለን አለ። ኮሌጁም ቲኬት ፈለገላት፤ በማግሥቱ ማታ ከለንደን የሚነሣ አውሮፕላን ተገኘ። ያ አውሮፕላን በየቀኑ አይበርም። ከእሱ ካመለጠች የሚቀጥለው የሚያደርሳት አባቷ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ እነሱ ሬሳ አይቀብሩም። ስለዚህ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የለንደኑን ባቡር መያዝ አለባት። ድንቅቱ እስከ ጣቢያ ልትሸኛት ፈቃድ ጠየቀች።

ኩሱማ ማታውን ምግብ አልቀመሰችም። አንድ ጊዜ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በእነሱ አገር ሐዘን ቤት እሳት እንደማይነድ ነግራታለች፤ ሩዙን አብስሎ የሚያመጣው ጎረቤት ነው። ድንቅቱ ይህን አስታወሰች። እዚህ የኩሱማ ጎረቤት እኔ ነኝ አለች በልቧ። ታዲያ ጎረቤት ምን ይዞ ይመጣል? ከንፍሮ ሌላ አልመጣላትም። የራሷ አባት ኦቦ ረጋሳ የሞቱ ጊዜ፣ ከጊንጪ ተጠርታ፣ የወንጪን ዳገት በፈረስ ወጥታ ስትደርስ፣ ገና ሳትቀመጥ አንዲት የሰፈር ሴት እጇን ይዛ በንፍሮ ሞላችላት። "ያን ቀን ያቆመኝ ያ እፍኝ ነው" አለችኝ።

ከሕንዶች ሱቅ የገዛችው ቀይ ቦሎቄ ነበራት። የተፈተገ ገብስ ደግሞ ከየትም ይገኛል። ማታ ነከረች፣ ጠዋት ሁለቱንም ዝግተኛው ድስት ውስጥ ጨምራ ወደ ኮሌጁ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ ክዳኑን ከፈተች። እንፋሎት አለ፤ ግን ቦሎቄው አልፈነዳም። አንድ ፍሬ በጣቷ ስትጫነው ላዩ ለስልሷል፣ መሐሉ ትንሽ ጠንከር ያለ ነው። ያ ድስት ሲያጉረመርም እንጂ ሲፈላ ሰምታው አታውቅም። አገር ቤት ቢሆን እንጨት ትጨምርበት ነበር። እዚህ የሚጨመር እንጨት የለም፣ ባቡሩም አይጠብቅም። ጨው ነሰነሰችበትና በሳህን አወጣችው።

ኩሱማ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ድንቅቱ ሳህኑን በመካከላቸው አስቀምጣ ትልልቁን ቦሎቄ ወደ ኩሱማ በኩል ገፋ ገፋ አደረገች። ለራሷ ገብሱን ቆነጠረች።

"ይህ ምንድን ነው፣ አካ?"

"እኛ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት የሚያመጣው ነው። ሥጋ የለው፣ ቅመም የለው። ጨው ብቻ።"

ኩሱማ ጥቂት በላች። ከዚያ ሳህኑን በቀስታ አራቀችው። ይጠጥራል አለች፣ ደግሞም አልራበኝም።

እኛ ዘንድ አልበላም ያለ ሐዘንተኛ ይለመናል። እምቢ ቢል ይገዘታል። ያላስገደደ ጎረቤት አጽናና አይባልም፤ ይህን ለአንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ድንቅቱም ያደገችበትን አደረገች። በእንግሊዝኛ "በሞቴ" የሚባል ነገር የለምና በጣም የሚቀርበውን ፈልጋ አገኘች።

"ብዪ። ከወደድሽኝ ብዪ።"

ኩሱማ ሳህኑን መልሳ አቀረበች። ቦሎቄውን አንድ ሳታስቀር ጨረሰችው።

ወደ ጣቢያ በሚወስዳቸው አውቶቡስ ላይ ጀመራት። መጀመሪያ ላብ፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽ። ጣቢያው ሲደርሱ ቆማ መሄድ አልቻለችም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማ ስታስመልስ፣ ድንቅቱ ራሷን ይዛ "ባቡሩ እስኪመጣ ይሻልሻል" ትላታለች። ባቡሩ መጣ። ኩሱማ ልትነሣ ሞክራ ወደቀች። የጣቢያው ሰዎች አምቡላንስ ጠሩ። በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ፣ ሻንጣዋ እመድረኩ ላይ ቀረ። ድንቅቱ ሻንጣውን ይዛ ከአምቡላንሱ ኋላ ገባች።

ሐኪሙ ግሉኮስ ሰጣት። ምን እንደበላች ሲጠይቃት ኩሱማ እኅቴ ትንሽ እህል አበላችኝ አለች። ሐኪሙም ከትናንት ጀምሮ ያልበላ ሆድ ነው፣ ሐዘንና ድካም ነው አለ። በማግሥቱ ዳነች። አውሮፕላኑ ግን ሄዷል። ድንቅቱን ራሷንም ያን ቀን ትንሽ አቅለሽልሿት ነበር፤ እሷም ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

ኩሱማ በሚቀጥለው በረራ ሄደች። የደረሰችው ለአመድ ነው።

እሷ በሌለችበት ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ምግብ መመረዝ ተማሩ። አስተማሪዋ ሸበቶ፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ስለ ሥጋና ስለ ወተት ከተናገረች በኋላ ወደ ቀይ ቦሎቄ መጣች። በኃይል ካልፈላ በውስጡ መርዝ አለ አለች፤ ክዳን እያንዘፈዘፈ ለጥቂት ጊዜ የፈላ እንደሆነ መርዙ ይሞታል። ከዚያም በእነዚህ አዳዲስ ዝግተኛ ድስቶች ቦሎቄ የቀቀለ ሰው ከጥሬው የባሰ ነገር እንደሚበላ፣ በዚያ አገርም በዚህ የታመመ ብዙ ሰው እንዳለ ነገረቻቸው። ስለ አንድ የተመረዘ ሰው ቀልድ ተናገረችና ክፍሉ ሳቀ። ሁሉም ይጽፋል። ድንቅቱ የኩሱማን ባዶ ወንበር እያየች ብዕሯ ቆመ።

"እዚያው ነው ያወቅሁት" አለችኝ። "አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አመመሽ ወይ ብላኛለች።"

እሷ በሄደችበት ሁሉ እናቶችን ለምን ስለ ቦሎቄ እንደምትነዘንዝ ያን ጊዜ ገባኝ። አገራችን ውስጥ በእንጨት እሳት የሚቀቅል ሰው እንደማይመረዝ ከእኛ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ቢሆንም ትጠይቃለች።

ኩሱማ ከወር በኋላ ትምህርቷን ልትጨርስ ተመለሰች። ከስታለች። ታላቅ ወንድሟ ከበር ላይ ተቀብሎ "ለትምህርትሽ ስትይ ቀረሽ" ብሏት ከዚያ በኋላ አላናገራትም። ሐዘን ነው፣ ድካም ነው ብትለው አላመናት። የሚያሳዝነው ደግሞ እሷም ራሷን ማመን ትታለች። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና፣

"ወንድሜ እውነቱን ነው፣ አካ" አለች። "ሆዴ ነው የፈራው። አባቴን ሞቶ ላለማየት ሰበብ ፈጠረ። ያን ቀን የሰው ልጅ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ በእጅሽ አበላሽኝ።"

ድንቅቱ ቀና አለች። ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ቦሎቄው ነው ማለት ብቻ ነው። ብትል ልጅቷ ከራሷ ጋር ትታረቃለች፤ ለወንድሟም የምትጽፈው ይኖራታል። አፏን ከፈተችና "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለቻት።

ለምን እንደሆነ ስትነግረኝ ምክንያቶቹ እርስ በርሳቸው ይጋፉ ነበር። የአመጋገብ ተማሪ ሆና ጓደኛዋን በምግብ መመረዟ አሳፈራት። የላካትን ቤተ ክርስቲያን አሰበች። በበነጋው እነግራታለሁ አለች፣ በበነጋው ደግሞ ትናንት ያልነገርኩትን ዛሬ እንዴት አለች። "ብቻ ይህ ሁሉ ሰበብ ነው" አለችኝ። "አልበላም ብላ ነበር። ከወደድሽኝ ብዬ ያስበላኋት እኔ ነኝ። ድስቱንም ዋሽቼ ያስገዛኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን የሩዝ ማብሰያ ቢሆን የነበረን፣ የአገሯን የሐዘን ሩዝ አብስዬላት ባቡሯን ትይዝ ነበር።"

ያደረገችው ይህን ነው፤ ብቻዋን ሄዳ የሩዝ ማብሰያ ገዛች። ዝግተኛውን ድስት አልጋ ሥር ከተተችው። ኩሱማን "ሩዝ አማረኝ" አለቻት። ልጅቷ እንደ ሕፃን ዘለለች። ያን ዕለት ፍሬው ከፍሬው የማይነካካ ነጭ ሩዝ አብስላ በኮኮናት ወጥ አቀረበችላት። ድንቅቱ በላች። በየጉርሻው መሐል ውሃ ትጠጣ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ኩሱማ ድስቶቹን አካፈለች። ያን ድስት ትወጂው ነበር፣ ለእኔ ብለሽ ተውሽው አለቻት፤ እንግዲያው ማስታወሻሽ ይሁነኝ፣ የእኔን አንቺ ውሰጂ። ድንቅቱ እንዳትወስደው የምትልበት ምክንያት ፈለገች። ከእውነተኛው በቀር ሌላ አላገኘችም፤ እሱን ደግሞ መናገር አልቻለችም። ስለዚህ የሩዙ ማብሰያ አምቦ መጣ፣ ዝግተኛው ድስት ስሪላንካ ገባ።

ሲስተር እዚህ ስትደርስ ወደ ጓዳው በር ዘወር ብላ አዳመጠች። ኦቦ ሞሲሳ እንቅልፍ ላይ ነው። ለእሱም አልነገረችውም።

"ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?" አልኳት። ይህን መጠየቄ እኔንም ገርሞኛል።

የተገኘው ይህ ነው። ኩሱማ በየዓመቱ ትጽፍላታለች። ዘንድሮ ወንድሟ መታረቅ ጀምሯል። በአገራቸው ልማድ ለሞተ ሰው በየዓመቱ መነኮሳትና ጎረቤት ይጋበዛሉ፤ ዘንድሮ የአባቷን ዝክር በራሷ ቤት ልታደርግ ነው። አባቴ በሞተ ጊዜ ያበላሽኝን እህል በሩዙ ጎን ላቀርበው እፈልጋለሁ ብላለች። ድስቱ እስከ ዛሬ አለኝ፣ አሠራሩን ብቻ ጻፊልኝ።

"በዚያው ድስት" አለች ሲስተር። "ስንት ሰው የሚበላው ይመስልዎታል፣ አቶ ደግፌ?"

አሠራሩን ጽፋዋለች። ይነከር፣ ውሃው ይደፋ፣ በኃይለኛ እሳት ይፍላ፣ እስኪፈነዳ ይቀቀል፤ በዝግተኛው ድስት ፈጽሞ እንዳይሞከር። የወረቀቱን ላይኛውን ግማሽ ግን ባዶ ትታዋለች። እዚያ ላይ ምን እንደምትጽፍ ነው እኔን የጠየቀችኝ። አርባ ምናምን ዓመት ኖሬ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። ብዙ ካሰብሁ በኋላ፣ ከባቡሩ ሳይሆን ከሱቁ ቢጀምሩ አልኳት፤ ልጅቷ እጇን ክዳኑ ላይ ካሳረፈችበት። ሲስተር ራሷን ነቀነቀች። ምክሬን መቀበሏ ይሁን ወይም ሰውዬው ይኸው ነው ማለቷ ይሁን አልለየሁም። ዝናቡ አባርቶ ነበርና ተሰናብቼ ወጣሁ።

መስከረም ላይ ሸዋገነት ስላመማት ልጁን ለክትባት የወሰድሁት እኔ ነኝ። ተራችን ደርሶ፣ ልጁ ተወግቶ፣ ለቅሶው ሲበርድ፣ የነገረችኝን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ስንት ቀን ስለማመደው የሰነበትኩት ጥያቄ ነው። ይጻፉት አለችኝ፤ ምናልባት ቦሎቄ የሚቀቅል ሰው ያነበው ይሆናል። ሞሲሳም ከዚያው ቢያነበው ይሻላል አለች፣ እኔ ከምነግረው። ወረቀቱንም ለኩሱማ እንደላከችው ነገረችኝ። እኔም መሄድ ሲገባኝ ቆምሁ።

"አሠራሩን ብቻ ነው የላኩላት፣ ሲስተር? ወይስ ባዶውን ላይኛውን ግማሽም ሞሉት?"

ሲስተር ድንቅቱ መርፌውን ዕቃው ውስጥ አስቀመጠች፤ ክዳኑን ገጠመች።

"እሱን አልመልስልዎትም" አለችኝ።